ቧንቧው ከመፈንዳቱ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳላስ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 በረዶ ጊዜ መብራት ጠፍቶ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ቤታችን ውሃ በውሃ ሆኖ ነበር። አሁንም ብርድ ሊመጣ ነው ሲሉ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላዘጋጅ? መብራት ከጠፋ ቤት ውስጥ ከሰል ባቀጣጥልስ?

መልስ፦ ከሰሉን ተይው እህቴ። የቡና ከሰል ስለለመድን ምንም አይመስለንም፤ ግን የዚህ አገር ቤት በርና መስኮቱ ግጥም ያለ ነው፣ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። በዚያ ሰሞን ቴክሳስ ውስጥ በዚሁ ጋዝ የሞቱ አሉ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ለመሞቅ የሞከሩም ጭምር።

ወደ ቧንቧው እንምጣ። ቴክሳስ ውስጥ ብዙ ቤት የውሃ መስመሩ ከኮርኒስ በላይ ወይም በውጭው ግድግዳ በኩል ስለሚያልፍ ብርድ አይችልም። ውርጭ አለ ከተባለ ማታ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም በጣም በቀጭኑ ክፈቺና ይንጠባጠብ። ከሲንኩ ስር ያለውን ቁም ሳጥን ክፍት አድርጊው፣ የቤቱ ሙቀት ይግባበት። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ግን ዛሬውኑ እዪ፣ ካላወቅሽ አከራይሽን ጠይቂ፤ ውሃው ከኮርኒስ እየወረደ በጨለማ መፈለግ ጣጣ ነው።

የሚጠጣ ውሃም ቀድመሽ ያዢ፣ ያኔ ብዙ ከተማ አፍልታችሁ ጠጡ ተብሎ ነበር።

መንዳት? እሱስ ይቅርብሽ። ያኔ ፎርት ዎርዝ አውራ ጎዳና ላይ ከ130 በላይ መኪኖች ተጋጭተው 6 ሰው ሞቷል። አለቃሽ ቢቆጣም ደውለሽ ቅሪ።