«ገና አልበቃሁም» እና ሌሎች የጥምቀት ጥያቄዎች

ስለ ጥምቀት የሚጽፉልን አንባቢዎች በርከት ስላሉ የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ለቀነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ሐሳባቸውን ግን አልነካንም። መልሶቹ ሁሉንም ደስ ላያሰኙ ይችላሉ። ምን ይደረግ፣ ጉዳዩ ራሱ ክርስቲያኖች ለዘመናት ሲከራከሩበት የኖረ ነው።

ጥያቄ፦ ካመንኩ ቆይቻለሁ። የጥምቀት ትምህርቱንም ጨርሻለሁ። ግን ቀኑ በደረሰ ቁጥር ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ። ቁጡ ነኝ፣ ልተወው ያልቻልኩት ልማድም አለኝ። ተጠምቄ መልሼ ብወድቅስ? እግዚአብሔርን ማታለል አይሆንብኝም?
— ገና አልበቃሁም

መልስ፦ እህቴ፣ ጥምቀትን እንደ ምረቃ ቀን እያየሽው ይመስለኛል። ለእኔ የሚቀርበው ለምዝገባ ቀን ነው። ተምሮ የጨረሰ ሰው አይመዘገብም።

እስቲ የሐዋርያት ሥራን ከዚህ አንጻር አንብቢው። በበዓለ ኀምሳ ዕለት 3,000 ያህል ሰዎች የጴጥሮስን ስብከት ሰምተው በዚያው ቀን ተጠመቁ። የፊልጵስዩሱ የወኅኒ ጠባቂ ደግሞ እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፍ መዝዞ ነበር፤ እዚያው ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተጠመቀ። ጃንደረባው መንገድ ላይ ውኃ ሲያይ ሠረገላውን አስቁሞ የሚከለክለኝ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስም መጀመሪያ ጠባይህን አስተካክል አላለውም።

በኋላ ነገሩ ረዘመ፤ ይህን መደበቅ የለብኝም። በ3ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎች እስከ ሦስት ዓመት እንዲማሩ የሚል ሥርዓት እናገኛለን። ኑሯቸውም ይመረመር ነበር፤ መበለቶችን አክብረዋል ወይ፣ በሽተኛ ጠይቀዋል ወይ እየተባለ። ስለዚህ ጠባይ ምንም አይደለም እያልኩሽ አይደለም። ግን ጥያቄዎቹን ልብ በያቸው። ሰውየው ወደ የት እየሄደ እንደሆነ ነው የሚጠይቁት፤ ፍጹም ሆነሃል ወይ የሚል የለበትም።

ማዘግየትም የራሱ ጣጣ አለው። በ4ኛው መቶ ዘመን ብዙ ሰው ኃጢአቱን ሁሉ ባንዴ ለመታጠብ ብሎ ጥምቀቱን ወደ መጨረሻው ይገፋው ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ራሱ የተጠመቀው ሊሞት ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ337 ነው። አምብሮስ እ.ኤ.አ. በ374 የሚላኖ ጳጳስ ሆኖ ሲመረጥ ገና አልተጠመቀም ነበር፤ በጥድፊያ ተጠምቆ በቀናት ውስጥ ተሾመ። (ዛሬ እንዲህ ቢደረግ ምን ይባል እንደነበር አስቢው።) የዚያው ዘመን ጳጳሳት ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይህን የማዘግየት ልማድ ተቃውመው ሰብከዋል፤ ሕዝቡን ምን ትጠብቃላችሁ ነበር የሚሉት።

ተጠምቄ ብወድቅስ ላልሽው፦ ትወድቂያለሽ። ሁሉም ይወድቃል። ንስሐ ያለው ለዚህ ነው። ማርቲን ሉተር ጥምቀትን ሲያስተምር በውስጣችን ያለው አሮጌ ሰው በየቀኑ በንስሐ መስጠም አለበት ይል ነበር። አንድ ቀን ሰጥሞ ያልቃል አላለም።

አንድ ነገር ግን ራስሽን ጠይቂ። ልማዱን እየታገልሽው ነው ወይስ ላለመተው ወስነሻል? እየታገልሽው ከሆነ አትቅሪ። ላለመተው ከወሰንሽ ግን ቆይ ማለትሽ ልክ ነው፤ ያኔም ብቻሽን አትብሰልሰይ፣ ለሚያስተምርሽ ሰው ነገሩን በስሙ ጠርተሽ ንገሪው። «ድካም አለብኝ» ብቻ ካልሽው ምንም ሊረዳሽ አይችልም።

ጥያቄ፦ በሕፃንነቴ ተጠምቄአለሁ። አሁን የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ዳግመኛ ካልተጠመቅኩ በአባልነት አይቀበለኝም። እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «እኔ ያስጠመቅኩህን ሰረዝከው ማለት ነው» አለችኝ። መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ።
— ሁለቱንም የምወድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ከባድ ነው። ቶሎ ብሎ የሚመልስልህ ሰው ካለ ከአንዱ ወገን ብቻ የሰማ ነው።

ሕፃናትን የሚያጠምቁት እንዲህ ይላሉ፦ ጸጋ ከእኛ ይቀድማል፤ ሕፃን ምንም ሳያደርግ ይቀበላል፣ አዋቂም ቢሆን በእውነቱ ከዚያ የተለየ ነገር አላደረገም። አብረው የተጠመቁትን የልድያን ቤተሰብና የወኅኒ ጠባቂውን ቤተሰብ ይጠቅሳሉ፤ በእነዚያ ቤቶች ሕፃናትም ሳይኖሩ አይቀሩም ብለው። ጳውሎስ በቆላስይስ 2 ጥምቀትን ከግዝረት ጋር አያይዞ መናገሩን፣ ግዝረት ደግሞ በስምንተኛው ቀን ይፈጸም እንደነበር ያስታውሳሉ። አማኞችን ብቻ የሚያጠምቁት ደግሞ መጽሐፉ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» ይላል፣ እምነት ይቀድማል፤ በአዲስ ኪዳን ውስጥ ተጠመቀ ተብሎ በግልጽ የተጻፈለት ሕፃን የለም ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ሕፃናትን አታጥምቁ የሚል ቃልም የለም። ክርክሩ ያላለቀው ለዚህ ነው።

ታሪኩም አንዱን ወገን ብቻ አይደግፍም። የሰሜን አፍሪካው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱልያን በ200 ዓ.ም. ገደማ ሕፃናትን ባታጣድፏቸው ይሻላል ብሎ መክሯል፤ ምክሩ ራሱ ልማዱ ያኔም እንደነበር ያሳያል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የካርቴጅ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ ከ66 ጳጳሳት ጋር ሆኖ ስምንተኛውን ቀን እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 1525 በዙሪክ ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው በሕፃንነት የተቀበሉት ጥምቀት አይቆጠርም ብለው እርስ በርሳቸው ተጠማመቁ። መንግሥት ዝም አላላቸውም። ከመካከላቸው ፌሊክስ ማንዝ የተባለውን በ1527 ሊማት ወንዝ ውስጥ አስጥመው ገደሉት። ጥምቀት ከደገምክ ውኃው ይኸውልህ እንደማለት ነው። ሰው ለዚህ ጉዳይ ሕይወቱን ከፍሏል፤ ስለዚህ የአዲሱ ቤተ ክርስቲያንህ አቋም ለአባልነት ፎርማሊቲ ብቻ የወጣ እንዳይመስልህ።

አንድ ነገር ለእናትህም ለአንተም ቢገባ መልካም ነው። የአማኝ ጥምቀት የሚሉት ወገኖች ሁለተኛ ጥምቀት እናጠምቃለን አይሉም። የመጀመሪያው ጥምቀት አልነበረም ነው የሚሉት። ካቶሊኮች፣ ሉተራውያን፣ አንግሊካውያን በበኩላቸው በውኃና በሥላሴ ስም የተፈጸመ ጥምቀት አይደገምም ይላሉ። መጠመቁ በእርግጠኝነት የማይታወቅ ሰው ሲያጋጥም የካቶሊክ ካህን «ካልተጠመቅህ እንደሆነ አጠምቅሃለሁ» ብሎ ያጠምቃል እንጂ ዝም ብሎ አይደግምም። በ381 የጸደቀው የሃይማኖት ጸሎት «በአንዲት ጥምቀት» ይላልና ሁለቱም ወገን አንዲት መሆኗን ያምናል። የሚጣሉት የትኛዋ ናት በሚለው ላይ ነው።

የእኔን አስተያየት ከፈለግህ፦ ለአባልነት ብለህ አትጠመቅ። እናትህን ፈርተህም አትቅር። በሕፃንነትህ የሆነው እውነተኛ ጥምቀት ነው ብለህ ካመንህ ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ በግልጽ ንገራቸው፤ በሕዝብ ፊት እምነቱን መስክሮ ያለ ዳግመኛ ጥምቀት አባል የሚሆንባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ የእናንተውም ምን እንደሚል ጠይቅ። አይሉህም ይሆናል። ያኔ ሳትቀየም ሌላ ቦታ መሄድ ትችላለህ። ሕሊናህ ያ ጥምቀት አልነበረም የሚልህ ከሆነ ደግሞ ተጠመቅ። ግን እናትህ ከጎረቤት እንዳትሰማ። ራስህ ሂድና አጠገቧ ተቀምጠህ ንገራት። ያኔ ያስጠመቀችህ በእምነት ነው፤ ለዚያ ማመስገን ማንንም አያስኮንንም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከ70 አልፏል፣ የልብ ሕመምተኛ ነኝ። ሐኪሜ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዳልገባ ከልክሎኛል። በራሴ ላይ ቢፈስልኝ ጥምቀት አይሆንም?

መልስ፦ አባቴ፣ ይሆናል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ ጥንታዊ ማስረጃም አለ። ዲዳኬ የሚባለው፣ በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተዘጋጀ የሚመስለው የቤተ ክርስቲያን መመሪያ በሚፈስ ውኃ አጥምቁ ይላል። ከሌለ በሌላ ውኃ፣ ቀዝቃዛ ካልተቻለ በሞቀ። ሁለቱም ከሌለ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ራስ ላይ አፍስሱ። ቆጵርያኖስም አልጋ ላይ ሆነው ውኃ የፈሰሰላቸው ሕሙማን ጥምቀታቸው ጎደሎ አይደለም ብሎ ተከራክሯል።

መጥለቅን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጳውሎስ በሮሜ 6 ከክርስቶስ ጋር መቀበርና መነሣት የሚለው ነገር ውኃ ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ በዓይን ይታያል። የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ይህን አጥብቃ የምትይዝ ከሆነ ውኃው ይሞቅልኝ፣ የሚደግፈኝ ሰውም ይቁምልኝ ብለው ይጠይቁ፤ ሐኪምዎም ይስማማ። የሐኪሙን ቃል ጥሰው ግን አይግቡ፣ ጀግንነት አይደለም።

ጥያቄ፦ ያጠመቀኝ አገልጋይ በኋላ አሳፋሪ ነገር ሲሠራ ተገኘ። የእኔ ጥምቀት ከንቱ ሆነ?

መልስ፦ አልሆነም። በ4ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች የተባሉት የአጥማቂው ቅድስና ግድ ነው ሲሉ የዚያው አገር ጳጳስ አውግስጢኖስ ማንም ያጥምቅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው ብሎ መለሰላቸው። የአጥማቂው ኃጢአት በጥምቀቱ ውስጥ ቢተላለፍ ኖሮ ማናችንም በእርግጠኝነት ተጠምቄአለሁ ማለት ባልቻልን ነበር። በሰውየው ማዘንህና መናደድህ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ይቅርታ ጠያቂ መሆን ያለበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሳይጠመቅ በተወለደ በሳምንቱ አረፈ። ዘመድ መጥቶ የሚለኝን ልነግራችሁ አልችልም።

መልስ፦ እናቴ፣ ዘመድ ይበልሽ እንጂ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ስለዚህ ነገር ባለፉት ዘመናት በጣም የከረሩ ትምህርቶች ነበሩ። ሕፃናትን ከምታጠምቀውና ጥምቀትን አጥብቃ ከምትይዘው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወገን የሆነ የሥነ መለኮት ሊቃውንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጽሑፍ ሳይጠመቁ ለሞቱ ሕፃናት መዳንን ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለን ብሏል። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴም አልተጠመቀም። ዳዊት ሕፃን ልጁ ሲሞትበት እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ ነው ያለው። ልጅሽን የፈጠረው ከዘመዶችሽ ይልቅ ይራራለታል። ሰዎቹ ሲመጡ ደግሞ ስለዚህ ማውራት አልፈልግም በያቸው፤ መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር እጠመቃለሁ። ምን ይጠይቁኛል? ምን ልልበስ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ! ቃሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በአብዛኛው ግን ሰይጣንን ትክጃለሽ ወይ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ታምኛለሽ ወይ ብለው ይጠይቁሻል። ክህደቱ በጣም ጥንታዊ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን በኢየሩሳሌም ተጠማቂዎች ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዱ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ይናገሩ ነበር። ምስክርነት ስጪ ካሉሽ አጠር አድርጊው፤ የሕይወት ታሪክሽን በሙሉ መተረክ የለብሽም።

ልብሱን በተመለከተ፣ የሚያለብሱሽ ነገር እንዳላቸው አስቀድመሽ ጠይቂ። ከሌላቸው ወፈር ያለና ጠቆር ያለ ልብስ ይሻላል፤ ስስ ነጭ ልብስ ሲረጥብ ገላ ያሳያል። የውስጥ ልብስን ጨምሮ ሙሉ ቅያሪ ያዢ። ቪዲዮ የሚቀርጽ ጓደኛ ካለሽ ከውኃው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን እንዲቆም ንገሪው፤ አጥማቂው ላይ የሚተራመስ ሰው በየጊዜው እያስቸገረ ነው።