ሚዛኑን ሳላቃና ጾሙን ልጨርሰው?

ጥያቄ፦ አባታችን፣ እንደምን ሰነበቱ? መርካቶ አካባቢ የጥራጥሬ ሱቅ አለኝ። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ ቅዳሴ አላስታጉልም። ግን ከ3 ዓመት በፊት ንግዱ ሲከብደኝ ሚዛኑን አስነክቼ በየኪሎው 50 ግራም ያህል እንዲያጎድል አደረግሁ። ዘንድሮ በምኩራብ እሑድ «የአባቴን ቤት የንግድ ቤት አታድርጉት» የሚለው ሲሰበክ ቆሜ መስማት አቃተኝ። የንስሐ አባቴ በየጊዜው ቤታችን እየመጡ ቡና የሚጠጡ፣ ቤተሰቤን ሁሉ የሚያውቁ ናቸው። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? በቤቴ ሆኜ ለእግዚአብሔር ብቻ ብናገርስ? ለፋሲካ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ልሰጥ ተስያለሁ፤ ይህ አይበቃም? የበደልኋቸውንም ሁሉ አላውቃቸውም። የማውቃቸው እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ብቻ ናቸው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ምስር ከእኔ ይወስዳሉ።
ወለተ ማርያም፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጄ ወለተ ማርያም፣ ከሁሉ በፊት ይህን ባነበብሽበት ቀን ሚዛኑን አስተካክዪ። ንስሐ እስክገባ ይቆይ አትበዪ። በዚህ ወራት ከሱቅሽ የሚወጣው ምስርና ሽሮ የጾመኛ ምግብ ነው። 20 ኪሎ በሸጥሽ ቁጥር አንድ ሙሉ ኪሎ ከጾመኞች ድስት ጎድሎ አንቺ ዘንድ ይቀራል። መጽሐፈ ምሳሌ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል፤ በጾም ሲሆን ደግሞ ሕመሙ የበለጠ ይሰማኛል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። በኑዛዜ የሰማሁትን የማንንም ነገር አላወራም፤ ይህ የራሴ ነው።

ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ደበሎ ለብሰን፣ መንደር ለመንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን በለመንነው ቁራሽ ነበር የምንኖረው። አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ከእኔ የሚያንስ ልጅ ወባ ይዞት ጎጆው ውስጥ ተኛ። የለመነውን የሚይዝበት ከረጢት፣ አኮፋዳው፣ ከራስጌው ተሰቅሏል። ውሻ አባሮኝ ባዶ እጄን በተመለስሁ ዕለት፣ ጾሙን እንዳልሽር 9 ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁና ከእሱ አኮፋዳ ሁለት ቁራሽ የዳጉሳ እንጀራ አውጥቼ በላሁ። ሰዓቱን መጠበቄን እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር። ማታ ልጁ እየተንቀጠቀጠ ተነሣና እጁን አኮፋዳው ውስጥ አስገባ። ወደ ታች፣ ወደ ጥጉ፣ እንደገና ወደ ታች ዳበሰ። ከዚያ ከስፌቱ ሥር የቀረውን ፍርፋሪ በጣቶቹ ሰብስቦ ወደ አፉ አደረገው። ማን ወሰደብኝ ብሎ አልጠየቀም። ተመልሶ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን ለየኔታ ነገርኋቸው፤ ካህንም ነበሩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጁ እስኪነሣ የእሱን አኮፋዳ ይዘህ ለምን። መጀመሪያ የእሱን ሙላ፤ የራስህን ከዚያ በኋላ» አሉኝ። 11 ቀን ሁለት አኮፋዳ ተሸክሜ ለመንሁ። የእሱ ሞልቶ የእኔ ባዶ የሆነበት ቀን ነበር። በዚያ ቀን የቀመስሁት ረኃብ ከጾሙ ሁሉ በላይ አስተማረኝ።

አሁን ወደ ንስሐ አባትሽ ልመለስ። በቤትሽ ሆነሽ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» እያልሽ መጸለይሽን አታቋርጪ። ነገር ግን ይህ ደብዳቤ ለእኔ ሲደርሰኝ የጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ መጻጉዕ ላይ ነን። 38 ዓመት በአልጋ የኖረው ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «ሰው የለኝም» ነበር ያለው። አንቺ ሰው አለሽ። ጌታ ለሐዋርያት «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ብሎ የሰጠው ሥልጣን በካህኑ እጅ ነው፤ ቤትሽ ገብቶ ቡና የሚጠጣውም ለዚሁ እንጂ ለቡናው አይደለም። የንስሐ ልጁን ምሥጢር የሚያወጣ ካህን በክህነቱ አይቆምም። ይንቁኛል ብለሽም አትፍሪ። እኔ ኃጢአቱን የነገረኝን ልጅ ንቄ አላውቅም፤ ከነገረኝ ቀን ጀምሮ በጸሎቴ ስሙን ሳላነሣ የቀረሁበት ቀን ግን የለም።

በስልክ «ለንስሐ እፈልግዎታለሁ» በያቸው፤ እሳቸው ወደ ቤትሽ ሳይሆን አንቺ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፤ በሥራ ቀን፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት። የንግዱን መክበድ፣ የኪራዩን መናር አስቀድመሽ አታብራሪ። የመጀመሪያው ቃልሽ «ሚዛን አሳስቻለሁ» ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ራሱ ይወጣል። ስቅለት ዕለት በወይራ ቅጠል ተጠብጥቤ ስግደቴን ተቀብዬ እሄዳለሁ እያሉ ዓመቱን በሙሉ የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው። ስግደቱ መልካም ነው፤ ግን በዚያ ግፊያ መሀል ይህን የመሰለ ነገር ተዘርዝሮ፣ ምክር ተሰምቶ፣ ካህኑ የሚያዝዘው የንስሐ ቀኖና ተይዞ አያልቅም። እስከ ሆሳዕና 4 ሳምንት አለሽ። ቀኖናሽን ፈጽመሽ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተብለሽ፣ በትንሣኤ ሌሊት ከሥጋ ወደሙ ብትቀርቢ ምንኛ ደስ ባለኝ!

መጋረጃውን ተዪው። ቃሉ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ተስለሻልና። ስእለቱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ እሳቸው መላ ይሰጡሻል። ከሰው ምስር በተቆነጠረ ገንዘብ የተገዛ መጋረጃ ግን የአንቺ ስጦታ አይደለም፤ የባለቤቶቹ ነው። የማታውቂያቸውን ሰዎች ድርሻ ገምተሽ ለድሆች ስጪ፤ ስምሽ ግን አይጠራበት፤ ዕዳ የሚከፍል ሰው አይጨበጨብለትም።

እኒያን እናት ግን ታውቂያቸዋለሽ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ማለት በሳምንት 25 ግራም ጎድሎባቸዋል ማለት ነው፤ በ3 ዓመት ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። በወንጌል የምናውቀው ቀራጩ ዘኬዎስ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ 4 እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ ስለዚህ 16 ኪሎ ምስር። የንስሐ አባትሽ የተለየ ከነገሩሽ የእሳቸውን ቃል ስሚ። እኔን ከሰማሽኝ ግን ምስሩን በተስተካከለው ሚዛን ለክተሽ፣ ልጆችሽን ሳትልኪ፣ ራስሽ ተሸክመሽ ቤታቸው ድረስ አድርሺው። ከየት ነው ሲሉሽም እውነቱን ንገሪያቸው።