«9ኤች» ምን ይለካል? ስለ መኪና ቀለም መከላከያ ሽፋን ጥያቄና መልስ

በመኪና ቀለም ሥራ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ሴራሚክ ኮቲንግ የሚባለውን፣ በቀለሙ ላይ በፈሳሽነት ተቀብቶ የሚጠነክር ስስ ሽፋንም ለደንበኞቼ እቀባለሁና ምርቱን የማጣጣል ዓላማ የለኝም። ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በጠርሙሱ ላይ ስለሚጻፈው «9ኤች» ስለሆኑ ከዚያው እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «9ኤች ማለት ከአልማዝ በአንድ ደረጃ ብቻ የሚያንስ ጥንካሬ ነው» ብሎኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ሻጩ ሁለት የማይገናኙ መለኪያዎችን አደባልቋል። አልማዝን 10 ላይ የሚያስቀምጠው ጀርመናዊው የማዕድን ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው መለኪያ ሲሆን፣ በእሱ መሠረት ታልክ 1፣ ኳርትዝ 7፣ ሩቢና ሳፋየር የሚመደቡበት ኮረንደም ደግሞ 9 ነው። «9ኤች» (9H) ግን የእርሳስ ጥንካሬ ደረጃ ነው፤ ሠዓሊዎችና የንድፍ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ያው እርሳስ። ምርመራው የሚካሄደው የእርሳሱን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ አድርጎ በመሞረድ፣ በ45 ዲግሪ በሚይዘው ትንሽ ጋሪ ላይ በማሰርና በ750 ግራም ክብደት ተጭኖ በተቀባው ሰሌዳ ላይ ወደ ፊት በመግፋት ነው። ሽፋኑን ሳይጎዳ ያለፈው ከሁሉ ጠንካራው እርሳስ የሽፋኑ ደረጃ ሆኖ ይመዘገባል። እርሳሱ ራሱ የግራፋይትና የሸክላ አፈር ድብልቅ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከኳርትዝ ጋር አይወዳደርም። በመኪናችሁ ላይ በየቀኑ የሚያርፈው አቧራ ደግሞ የኳርትዝ ቅንጣት የበዛበት ነው፤ ስለዚህ በትክክል 9ኤች ያገኘ ሽፋን እንኳ አሸዋ ባለበት ጨርቅ ሲታሽ ይጫራል።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ የምስክር ወረቀት አሳይተውኛል። ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው ማለት ነው?

የግድ ሐሰተኛ አይሆንም። መጠየቅ ያለበት ምርመራው በምን ላይ እንደተደረገ ነው። ሽፋኑ የተቀባው በመስታወት ወይም በብረት ሰሌዳ ላይ ከሆነ፣ ውጤቱ መኪናችሁ ላይ ከሚኖረው ጋር አንድ አይደለም። በመኪናው ላይ ከሽፋኑ በታች የሚገኘው ክሊር ኮት፣ ማለትም የመኪናው ቀለም የላይኛው ግልጽ ንጣፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ውፍረት ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ መሰል ቀለም ነው፤ ከላዩ የሚቀባው ሴራሚክ ደግሞ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ማይክሮን አይበልጥም። በፍራሽ ላይ ስስ መስታወት አንጥፎ በጣት እንደ መጫን ነው፤ ከላይ ያለው ቢጠነክርም የታችኛው ይሰረጉዳል። የስስ ሽፋንን ጥንካሬ ለብቻው በሚገባ መለካት የሚፈልጉ ባለሙያዎች የመለኪያው መርፌ ከሽፋኑ ውፍረት ከአንድ አሥረኛ በላይ እንዳይሰምጥ ይጠነቀቃሉ። ለ1 ማይክሮን ሽፋን ይህ ማለት ከ0.1 ማይክሮን ያልበለጠ ጥልቀት ነው። በ750 ግራም የተጫነ እርሳስ ይህን ያህል የረቀቀ መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን ያሳያችሁን ሰው የሰሌዳውን ዓይነት፣ የሽፋኑን ውፍረትና ምርመራው የተከተለውን መመዘኛ ጠይቁት።

ጥያቄ፦ አሁን «10ኤች» የሚልም ወጥቷል። ይሻላል?

ለዚህ የእርሳስ ምርመራ በስፋት የሚጠቀሰው ዓለም አቀፍ መመዘኛ፣ አይ ኤስ ኦ 15184፣ የሚያውቀው የመጨረሻ ደረጃ 9ኤች ነው። 10ኤች የተባለ እርሳስ በገበያ ላይ መኖሩ አይካድም፤ የምርመራው መሰላል ግን እዚያ አይደርስም።

ጥያቄ፦ በቪዲዮ መኪናው ላይ ፈሳሽ አፍስሰው በእሳት ሲያቃጥሉ፣ በላይተር ሲፍቁም አይቻለሁ። ቀለሙ ምንም አልሆነም።

በእነዚህ ትርዒቶች ውስጥ ሁልጊዜ የሚጎድለው ለማነጻጸሪያ የሚሆነው፣ ሽፋን ያልተቀባው ግማሽ ነው። ከሥር ያለው ብረት ሙቀቱን ስለሚስብ፣ ጥቂት ፈሳሽ ለጥቂት ሰከንድ ቢቃጠል ጤናማ የፋብሪካ ቀለም ያለ ምንም ሽፋንም ሊቋቋመው ይችላል። የላይተሩም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ለስላሳና ክብ የሆነው የላይተር ጎን በሚያንሸራትት ገጽ ላይ ይሾልካል። በዚያው ቦታ ላይ እፍኝ አቧራ በትነው በደረቅ ጨርቅ እንዲያሹት ብትጠይቋቸው ፈቃደኛ የሚሆን ሻጭ የምታገኙ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ገንዘቤን ለምን አወጣለሁ?

ጥቅሙ ሌላ ቦታ ስላለ። ደህና ሽፋን የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫና የመንገድ ጨው ቀለሙን እስኪበሉት ድረስ የሚወስድባቸውን ጊዜ ያራዝማል፤ ቆሻሻ አጥብቆ እንዳይይዝ ስለሚያደርግም መኪናው በቀላሉ ይታጠባል፤ የማሸት ብዛቱ ሲቀንስም ጭረቱ አብሮ ይቀንሳል። ከተራ ሰም ይልቅ ሙቀትንና ሳሙናን ይቋቋማል፤ ሰም በወራት ሲያልቅ በሚገባ የተቀባ ሴራሚክ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከጎማ የሚፈናጠርን ጠጠር ግን አያቆምም። ጠጠር የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው፣ በቀለሙ ላይ የሚለጠፍ የፖሊዩሬታን (የፕላስቲክ ዓይነት) ፊልም ነው፤ ዋጋው በብዙ ይበልጣል፤ ሥራውም ሌላ ነው። ሦስት ድርብ ሴራሚክ ብታስቀቡም ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ስለሚሆን ፊልሙን አይተካም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ካስቀባሁ በኋላ ነጭ የውኃ ነጠብጣብ በዛብኝ። አታለውኝ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። ውኃው ዶቃ እየሠራ መንከባለሉ በማስታወቂያ ላይ ያምራል። ዶቃው ሳይወርድ በፀሐይ ከደረቀ ግን በውስጡ የነበረው ካልሲየምና ማግኒዚየም በአንድ ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ያያችሁት ነጭ ክብ ያ ነው። አትክልት ከሚያጠጣ ቧንቧ አጠገብ አታቁሙ፤ ጠዋት ወይም ማታ በጥላ አሳጥቡ፤ ወዲያውም አድርቁ። ገና ያልጠነከረ ነጠብጣብ ለዚሁ በተዘጋጀ ለስላሳ አሲድ ይለቃል፤ የቆየው ግን ፖሊሽ ይፈልጋል፤ ፖሊሹም ሽፋኑን ራሱን ይፍቃል።

ጥያቄ፦ «ግራፊን» የሚባለውስ?

ግራፊን እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ለብቻው ተለይቶ የወጣ፣ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2010ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትም ለተመራማሪዎቹ አስገኝቷል። በጠርሙሱ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው እንደ ተለመደው ሴራሚክ በሲሊኮን ውህዶች ላይ የተመሠረተ ፈሳሽ ሲሆን፣ የተጨመረበት ጥቂት የግራፊን ኦክሳይድ ዱቄት ነው። የንጹሑን ንጣፍ ጥንካሬ ለዚህ ድብልቅ መስጠት አግባብ አይደለም። ምርቱ መጥፎ ነው ማለቴ ሳይሆን፣ ለስሙ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ አትክፈሉ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ መኪና ስገዛ ሻጮቹ «የቀለም መከላከያ» ብለው 1,200 ዶላር በብድሩ ላይ ጨመሩ። ልቀበል?

አስቀድመው የሚቀባውን ምርት ስም፣ ማን እንደሚቀባውና ቀለሙ ቀድሞ ፖሊሽ ይደረግ እንደሆነ ይጠይቁ። በችኮላ በመኪና መሸጫው ጓሮ የሚቀባው ብዙውን ጊዜ ቀላል ማሸጊያ ፈሳሽ ነው፤ ገንዘቡ የሚሄደውም ለፈሳሹ ሳይሆን ለዋስትናው ወረቀት ነው። ሂሳቡንም ይመልከቱት፦ 1,200 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ በ72 ወር ሲከፈል በወር 21 ዶላር ገደማ፣ በጠቅላላው 1,515 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ከውሉ እንዲወጣ ይጠይቁ። «ተቀብቷል፤ አይወጣም» ካሏችሁ ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ላይ እንዲቀንሱ ተከራከሩ።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ዋስትናውስ ይታመናል?

ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡት። ብዙዎቹ በየዓመቱ በክፍያ ለምርመራ መምጣትን ያስገድዳሉ፤ ጭረትን፣ ጠጠርንና የውኃ ነጠብጣብን አይሸፍኑም፤ ሲሸፍኑም የሚሰጡት ሽፋኑን መልሶ መቀባት እንጂ ገንዘብ አይደለም። አንድ ምርመራ ካመለጣችሁ ዋስትናው ሊቋረጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለኝ መኪና አሮጌ ነው፤ ጋራዥም ደግመው ቀብተውታል። ሴራሚክ ላስቀባው?

አዲስ የተቀባ ቀለም በውስጡ የቀረው ቲነር እስኪወጣ ሳምንታት ይፈልጋልና አትቸኩሉ። ከዚያም ባለሙያው በውፍረት መለኪያ ይየው፤ የፋብሪካ ቀለም በጠቅላላው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በብዙ የበለጠ ቦታ ከሥሩ ስቱኮ ሊኖርበት ይችላል። ክሊሩ መላጥ ከጀመረ ሴራሚክ አይጠግነውም፤ ልጣጩ ከነሽፋኑ ይነሣል። ክሊሩ ደህና ከሆነና በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ግን፣ ከሴራሚኩ በፊት የምትሄዱበት ላቫጆ እንዴት እንደሚያጥብ ተመልከቱ። መኪናውን በቂ ውኃ ሳይረጩ በስፖንጅ መፈተግ ከጀመሩ፣ ስፖንጁም መሬት ወድቆ ተነሥቶ ወደ ኮፈኑ ከተመለሰ፣ ሌላ ላቫጆ ፈልጉ ወይም የራሳችሁን ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ።