የወታደር ኮምፒውተር ለምን ይወደዳል? ለኮምቦልቻዋ ተማሪ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ ነግረሽኛል። ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። ለሠራዊት የሚሠራ ላፕቶፕና ሬዲዮ ከተራው በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ተራውን ገዝቶ ጠንካራ ቦርሳ ውስጥ መክተት አይበቃም ወይ? ደግሞስ ይህን መማር ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንጀራ ይሆናል ወይ? ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ስለሚወለድ ከቦርሳው ልጀምር።

ቦርሳ የሚያድነው ከመውደቅ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከውስጥ ነው፤ በሙቀት፣ በንዝረት፣ በርጥበትና በተበላሸ ኃይል። እንዲያውም ወፍራም ቦርሳ ሙቀቱን አፍኖ ሞቱን ያፋጥነዋል።

አንቺ ካለሽበት አገር የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙም ደካማ ስለሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለውን ክፍተት በቀላሉ ይዘላል። ብዙ የገበያ ፓወር ሰፕላይ መግለጫው ላይ «እስከ 2,000 ሜትር» የሚል የተጻፈበት ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከመስመሩ በታች ናት። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ስትገቢ ግን መስመሩን አልፈሻል፤ ዕቃው ወዲያው አይሞትም፣ አምራቹ ግን ከዚያ በላይ ኃላፊነት አልወሰደም።

አሁን አንድ ሣጥን ጅቡቲ ወደብ ላይ አየር በማያስገባ የጎማ ማሸጊያ ታሸገ እንበል። በሚሌና በባቲ አድርጎ ደሴ ሲደርስ የውስጡ ግፊት የባሕር ወለል፣ የውጭው የደሴ ነው። ልዩነቱ 25 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ክዳኑ 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 1,500 ኒውተን ይገፋዋል፤ ከውስጥ ሆኖ 150 ኪሎ ጭነት እንደሚጫነው ማለት ነው። ቀጭን ክዳን ይነፋል፣ ማሸጊያው ከቦታው ይሸሻል፣ ከዚያ በኋላ ሣጥኑ የታሸገ ይመስላል እንጂ አልታሸገም። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ይስባል፤ የገባው እርጥበት በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ጠጋኙ ከፍቶ ሲያየው «ዝናብ ገብቶበታል» ይላል። ዝናብ አልገባበትም፣ ሣጥኑ ተንፍሶ ነው። በደንብ የተሠራ የጦር ሜዳ ዕቃ አየር የምታሳልፍ፣ ውሃ የማታሳልፍ ትንሽ የመተንፈሻ ወንፊት ያለው ለዚህ ነው። ወንፊቷ ርካሽ ናት። ዋጋው ያለው ይህን አስቀድሞ ያሰበው መሐንዲስ ላይ ነው።

ውስጥ ያለው ቦርድም (ቺፖቹ የተበየዱበት ሰሌዳ) በስስ መከላከያ ሽፋን ይቀባል። አክሪሊክ ለጥገና ይቀላል፣ ሲሊኮን ሙቀት ይችላል፣ ዩሬቴን ነዳጅና ኬሚካል ይቋቋማል። ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፤ የሶልደሩን ፍላክስ (ለብየዳ የሚረዳውን ሙጫ) ሳያጥቡ ይቀባሉ። ቆሻሻው ከሽፋኑ ሥር ታፍኖ በእርጥበት ጊዜ በቺፕ እግሮች መካከል ቀጭን የብረት ክር ያበቅላል፣ ቦርዱ ከወራት በኋላ ሾርት ያደርጋል። መጀመሪያ በአይሶፕሮፒል አልኮል እጠቢ፣ በደንብ አድርቂ፣ ኮኔክተሮቹን በቴፕ ሸፍኚ፣ ከዚያ ቀቢ።

ንዝረት ሁለተኛው ገዳይ ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ስልክሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ካየሽው ታውቂዋለሽ። በአራት ማዕዘኑ ብቻ የታሰረ ቦርድ መሐሉ እንደ ከበሮ ቆዳ ይንቀጠቀጣል። ረጅም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ክፍል) ራሱ ከባድ፣ እግሩ ቀጭን ነው፤ ሲወዛወዝ እግሩ ይደክምና ይቆረጣል። ሰፊ የሴራሚክ ካፓሲተር ደግሞ ቦርዱ ሲጎብጥ ይሰነጠቃል፤ ተሰንጥቆ ሾርት ሲያደርግ ነው አደገኛው። መፍትሔው ውድ አይደለም። መሐል ላይ አምስተኛ ብሎን ጨምሪ። ረጃጅሞቹን ካፓሲተሮች ከሥራቸው በሲሊኮን አጣብቂ፤ አሲዳማ ያልሆነውን ምረጪ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው መዳብ ይበላል። ቦርዱን ከ1.6 ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ብታወፍሪው ግትርነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ብሎኖቹ ላይ ማጣበቂያ ጠብ አድርጊ፣ ያለዚያ ንዝረቱ ይፈታቸዋል። ተሰክቶ ብቻ የሚቀመጥ የዩኤስቢ ሶኬት አትመኚ፤ የጦር ሜዳ ዕቃ ላይ ክብ፣ ዞሮ የሚቆለፍ ኮኔክተር የምታዪው ለጌጥ አይደለም።

ሙቀቱን በቁጥር ብቻ ልለፈው። የንግድ ደረጃ ቺፕ ከ0 እስከ 70 ዲግሪ፣ የኢንዱስትሪው ከዜሮ በታች 40 እስከ 85፣ የወታደራዊው ከዜሮ በታች 55 እስከ 125 ዲግሪ ነው። አፋር ቆላ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከ60 ሊያልፍ ይችላል፤ የሣጥኑ ውስጥ አየር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። «105 ዲግሪ ላይ 2,000 ሰዓት» የተባለ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በዚያው ሙቀት ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። 10 ዲግሪ ባቀዘቀዝሽው ቁጥር ግን ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። የጦር ሜዳ ሣጥን ብዙ ጊዜ ፋን የለውም፣ ፋን አቧራ ያስገባልና። ሙቀቱ ከቺፑ በአሉሚኒየም በኩል ወደ ሣጥኑ ገላ ይወጣል፤ ክብደቱም ዋጋውም የሚጨምረው አንድም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የኃይሉን ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ልቆይ። ወታደራዊ ተሽከርካሪ ስሙ 28 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ ጦር ሚል-ኤስቲዲ-1275 ደረጃ ግን ዕቃው ለ50 ሚሊ ሰከንድ የሚቆይ 100 ቮልት እንዲችል ይጠይቃል። ሞተሪኖው ሲነሣ ቮልቴጁ ይወድቃል። ዲናሞው እየሞላ የባትሪው ሽቦ ቢላቀቅ ደግሞ ሽቅብ ይዘላል። ሲኖትራክም ሆነ አይሱዙ 24 ቮልት ነው፣ ሕመሙ አንድ ነው።

ተማሪዎች ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘውን ኤልኤም 2596 የተባለ ቮልቴጅ ቀያሪ ሞጁል ገዝተው መኪና ላይ ያስሩታል። የዚህ ቺፕ የመግቢያ ልኩ 40 ቮልት ነው። «መከላከያ አደረግሁለት» ብለው 33 ቮልት የተባለ ቲቪኤስ ዳዮድ (የቮልቴጅ ዝላይን የሚገታ ክፍል) ፊቱ ይጨምራሉ። ያ ዳዮድ ሙሉ ጅረት ሲያልፍበት የሚያስቆመው ወደ 53 ቮልት ላይ ነው፤ ስለዚህ ዳዮዱ ደኅና ነው፣ ቺፑ ሞቷል። መግቢያው 60 ቮልትና ከዚያ በላይ የሆነ ቺፕ ምረጪ። ቅደም ተከተሉ ፊውዝ፣ ቲቪኤስ፣ ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር የሚከላከል ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ትራንዚስተር)፣ ከዚያ ቮልቴጅ ቀያሪው ይሁን። 1,500 ዋት የተባለ ዳዮድም ያን ኃይል የሚችለው ለአንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ የዲናሞ ዝላይ በመቶዎች ሚሊ ሰከንድ ስለሚለካ ለእውነተኛ ምርት ትልቁን ዓይነት ትወስጃለሽ።

የቀረውን በሩጫ ልንገርሽ። ከሬዲዮ አጠገብ የሚቀመጥ ኮምፒውተር የሚረጨው የኤሌክትሪክ ጩኸት ደካማውን የሬዲዮ ሲግናል እንዳይውጥ ይታፈናል (ሚል-ኤስቲዲ-461 የሚለካው ይህንን ነው)። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ መነበብ፣ ሌሊት ደግሞ ያለበትን ቦታ አለማጋለጥ አለበት፤ ቁልፎቹ በጓንት ይነካሉ። ዕቃው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚያገለግል ቺፑ ከገበያ ሲጠፋ የሚተካበት እቅድም ዋጋው ውስጥ አለ።

«ሚል-ኤስቲዲ-810 ያለፈ» የሚል ጽሑፍ ስታዪ አትደንግጪ። ይህ የአሜሪካ ጦር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ፣ ኤች የተባለው እትሙ በ2019 የታተመ የፈተናዎች ስብስብ ነው፤ ማኅተም የሚሰጥበት ቢሮ የለውም። አምራቹ የሚመቸውን ፈተና መርጦ ስሙን ሊለጥፍ ይችላል። ስለዚህ የትኛው ዘዴ ብለሽ ጠይቂ፤ 501 ሙቀት፣ 502 ብርድ፣ 510 አቧራ፣ 514 ንዝረት፣ 516 ምት ነው። ሲፈተን በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? ስንት ናሙና? የታወቀው የመውደቅ ፈተና ከ122 ሳንቲ ሜትር 26 ጊዜ ነው፤ ስድስት ገጽ፣ አሥራ ሁለት ጠርዝ፣ ስምንት ማዕዘን። ሃያ ስድስቱን እስከ አምስት ናሙና ድረስ ማካፈል ይፈቀዳል። አንዱ ዕቃ ሁሉንም ችሎት ይሁን ወይም አምስቱ ተካፍለውት፣ ማስታወቂያው አይነግርሽም።

ወደ እንጀራው ጥያቄ። ደሴ ውስጥ «ወታደራዊ ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ የሚጠብቅሽ የለም፣ አትጠብቂው። የሚከፈልበት ግን ስሙ አይደለም፤ ዕቃ በምን እንደሚሞት ማወቅና እንዳይሞት ማድረግ ነው። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ የጥጥ ብናኝ የኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ፋን ሲዘጋ የአቧራ ፈተና ነው። ጦሳ ተራራ ላይ የቆመ የኔትወርክ ማማ ከፍታና መብረቅ ነው። በደረቅ ወደቡ የሚያልፍ ከባድ መኪና ላይ ያለ ጂፒኤስ ንዝረትና የኃይል ዝላይ ነው። እነዚህ ሥራዎች አጠገብሽ ናቸው። መከላከያ የምትገቢ ከሆነ መለዮ ለብሶ መግባትና በሲቪል ሠራተኛነት መቀጠር ለየቅል ናቸው፤ ከመፈረምሽ በፊት የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነና ትምህርት መቀጠል እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ጠይቂ። ልምምድ ላይ የምታዪውን ዕቃም ፎቶ አታንሺ።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ላቦራቶሪ እስኪመጣ አትጠብቂ። ከ24 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የሙቀትና የንዝረት መመዝገቢያ ሥሪ። ለንዝረቱ ኤዲኤክስኤል 345 ሴንሰር ይበቃል፤ በሰከንድ 1,600 ጊዜ እንዲለካ ኤስፒአይ በሚባለው የቺፕ ማገናኛ መንገድ አገናኚው፣ ሌላው መንገድ አይስኩዌርሲ 800 ላይ ያስቆምሻል። ባጃጅና አይሱዙ ላይ ጭነሽ መዝግቢ። ከዚያ ኮንክሪት ላይ በተነጠፈ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኮምፔንሳቶ ላይ 26 ጊዜ ጣይው። ለውሃው መጀመሪያ ቦርዱን አውጥተሽ ባዶውን ሣጥን ሶፍት ጨምረሽበት አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ አቆዪ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ቦርድሽን አተረፍሽ። ለሙቀቱ ከፍሪዘር ወደ 70 ዲግሪ ምድጃ 20 ዙር አመላልሺው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሊቲየም ባትሪ ካለው ግን አውጪው፣ ምድጃ ውስጥ አይገባም።

ሲቪሽ ላይ «ስለ ወታደራዊ ኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት አለኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ ቀጣሪ አያነበውም። ምን እንደሠራሽ፣ በምን እንደፈተንሽው፣ በስንተኛው ውድቀት ምኑ እንደተላቀቀና እንዴት እንዳስተካከልሽው በሁለት መስመር ጻፊ። ገንዘብ ስታገኚ የመጀመሪያው ሠርተፊኬት አይፒሲ-ኤ-610 ይሁን፤ የሶልደር ሥራ ጥራት መለኪያ ነው፣ ክላስ 3 የተባለው ጥብቅ ደረጃው መበላሸት ለማይፈቀድላቸው ዕቃዎች የተጻፈ ነው።

ልምምድ የምትወጪበት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ደግሞ የተበላሹ ቦርዶች የሚጣሉበት ካርቶን አያጣም፤ እሱን ለምኚ። ደሴ ፒያሳ ያሉ ጠጋኞችም አይከለክሉሽም። ሃያ ቦርድ ሰብስበሽ በማጉያ መነጽር እያየሽ በአራት ክምር ክፈያቸው፤ በሙቀት የሞቱ፣ በእርጥበት የሞቱ፣ በንዝረት የተሰበሩ፣ በኃይል የተቃጠሉ። የትኛው ክምር እንደበዛ ጻፊልኝና የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ርዕስ ከዚያ ክምር እንመርጣለን።