«በሊትር ሲለካ» ወይስ «በአንድ ሊትር ቦታ»?

ጥያቄ፦ «አነስተኛ ኮምፒውተሮችን ገጣጥሜ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አውቀው እንዲገዙ በአማርኛ ማነጻጸሪያ መጻፍ ጀምሬያለሁ። በእኛ ሙያ አንድ ኮምፒውተር በፍጥነት ፍተሻ ያገኘውን ነጥብ ሳጥኑ ለሚይዘው ሊትር አካፍሎ ማነጻጸር የተለመደ ነው፤ ጠባብ ቦታ ውስጥ ምን ያህል ጉልበት እንደገባ ያሳያል። እኔም ‹ይህ ኮምፒውተር አፈጻጸሙ በሊትር ሲለካ ከሌሎቹ ይበልጣል› ብዬ ጻፍኩ። አንድ ደንበኛ ግን አንብበው ‹የውኃ ማቀዝቀዣው ስንት ሊትር ይይዛል?› ሲሉ ጠየቁኝ። ወንድሜ ‹በየሊትሩ› በል ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹የሊትር ወከፍ አፈጻጸም› የሚለው ያምራል ይላል። የትኛው ነው ትክክል?»

መልስ፦ ደንበኛዎ አልተሳሳቱም። አማርኛውን በትክክል አንብበውታል፤ እርስዎ ያሰቡት ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አልገባም። ጥያቄዎን ሳነብ በጣም ደስ ያለኝ፣ ትንሿ «በ» እና «ያዘ» የሚለው ግሥ አንድ ላይ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚያሳስቱ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

ከ«በ» እንነሣ። ወተት በሊትር ይለካል፣ ጤፍ በኪሎ ይሸጣል፣ ጨርቅ በሜትር ይቆረጣል። በእነዚህ ሁሉ «በ» የሚነግረን መለኪያው ምን እንደሆነ ነው። ሌላው «በ» ደግሞ ሁለት መጠኖችን ያገናኛል። ሾፌሩ «መኪናዬ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ይላል፣ ገበሬው «በሄክታር 30 ኩንታል አገኘሁ» ይላል፣ ሐኪሙ «በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ» ይላል። እዚህ ላይ «በ» ለአንዱ መጠን ከሌላው ስንት እንደሚደርሰው የሚያሳይ ነው። ፊደሉ አንድ፣ ሥራው ግን ሁለት ነው። አድማጩ የሚለያቸው አጠገባቸው በቆመው ቃል ነው። ከ«በሄክታር» ቀጥሎ «30 ኩንታል» ሲመጣ ሁለት መጠኖች ስለሚታዩ ማንም አይሳሳትም። «በሊትር» ከሚለው ቀጥሎ «ሲለካ» ከመጣ ግን ጆሮ ወዲያውኑ ወደ ወተቱና ወደ ዘይቱ ይሄዳል። የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ያበላሸው «ለካ» የሚለው ግሥ ነው። እሱን አውጥተው ቁጥሩን ቢያስገቡ ግማሹ ችግር ይወገዳል፦ «በአንድ ሊትር 1,500 ነጥብ ያገኛል።» «አንድ» የምትለው ቃል ትርፍ ብትመስልም እዚህ ላይ ታስፈልጋለች። «በሊትር» ሲባል የመለኪያው ዓይነት ሊታሰብ ይችላል፤ «በአንድ ሊትር» ሲባል ግን አንድ የታወቀ መጠን ተይዞ ሌላው በእሱ ልክ እየተቆጠረ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የቃላት ቅደም ተከተልም አለ። አማርኛ በንግግር አካፋዩን ያስቀድማል፤ «በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር» እንላለን። የመለኪያ ስም ሆኖ ሲጻፍ ግን «ኪሎ ሜትር በሰዓት» ይሆናል፤ የፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት የተከተሉት ይህን መንገድ ነው። «ሰማንያ በመቶ» የሚለውም ተካፋዩን አስቀድሞ የጸና አነጋገር ሆኗል። ስለዚህ በሰንጠረዥዎ ራስጌ ላይ «ነጥብ በሊትር» ቢሉ አይነቀፍም፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ትርጉሙን ይጠብቀዋል። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን የሾፌሩን አነጋገር ይከተሉ።

ወንድምዎ ያቀረቡት «በየሊትሩ» የተለየ ነገር ነው። «በየ» እያንዳንዱን ለብቻው ይቆጥራል። «በቀን ሦስት ጊዜ» እና «በየስምንት ሰዓቱ» ለሐኪም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ድምሩን ብቻ ይነግራል፤ ሁለተኛው ክኒኑ ሰዓቱን ጠብቆ እኩል እንዲከፋፈል ያዝዛል። «ይህ ኮምፒውተር በየሊትሩ 1,500 ነጥብ አለው» ካሉ፣ ሳጥኑ በአሥር ቢከፈል እያንዳንዱ ቁራጭ 1,500 ነጥብ ይዞ የሚወጣ ይመስላል። በእውነቱ ግን አብዛኛውን ስሌት የሚሠሩት ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያሉ ጥቂት ቺፖች ናቸው። የቀረው ቦታ የፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ክፍል)፣ የማቀዝቀዣ፣ የገመድና የአየር መተላለፊያ ነው። እርስዎ የሚያወሩት ስለ አማካይ ነው፤ «በየ» ደግሞ አማካይን አይገልጽም።

«የሊትር ወከፍ» የተወለደው «የነፍስ ወከፍ ገቢ» ከሚለው ነው። ሐሳቡ ብልህነት አለው፣ ግን አልደግፈውም። «ነፍስ ወከፍ» የሚባለው ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ሲታሰብለት ነው፤ ድርሻ የሚደርሰው ደግሞ ባለቤት መሆን ለሚችል ነው። ሊትር የድርሻ ባለቤት አይሆንም። በዚያ ላይ «ወከፍ» ዛሬ ብቻውን ቆሞ የሚነገር ቃል አይደለም፤ ከ«ነፍስ» ሲነጠል አንባቢ ይደናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እሱም «ያዘ» ነው። እርስዎ ራስዎ በጥያቄዎ «ሳጥኑ ለሚይዘው ሊትር» ብለዋል። ይህ ሐረግ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ አለው። «ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል» ስንል ወደ ውስጥ እያየን ነው፤ ስንት እንደሚገባበት እንናገራለን። «አልጋው ክፍሉን ያዘው» ስንል ደግሞ ወደ ውጭ እያየን ነው፤ ከእኛ ስንት ቦታ እንደወሰደ እንናገራለን። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ግሥ ሰጥቷል። በዕለት ኑሯችን ሊትር የሚጠራው ሁልጊዜ ወደ ውስጥ በሚያየው ትርጉም ነው፦ የ200 ሊትር ፍሪጅ፣ የ1,000 ሊትር የውኃ ታንከር፣ የ5 ሊትር ዘይት። በኮምፒውተር ገጣጣሚዎች ዘንድ ግን ሊትሩ የሚቆጠረው ከውጭ ነው። የሳጥኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ይባዛል፣ ለ1,000 ይካፈላል። የሚፈለገውም ጠረጴዛው ላይ የሚወስደው ቦታ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ነገር አይደለም። ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ብዙ ሊትር ሲያገኝ ይደሰታል፤ የእርስዎ ገዢ ግን የሚደሰተው ሊትሩ ሲያንስ ነው። ታዲያ ደንበኛዎ ስለ ማቀዝቀዣው ውኃ ቢጠይቁ ምን ያስደንቃል? በውኃ የሚቀዘቅዙ ኮምፒውተሮች በእርግጥ አሉ፤ «ሊትር» የሚለውን ቃል ሲያዩም ከሚያውቁት ጋር አገናኙት።

በሒሳብ ትምህርት የምንጠቀምበት «ይዘት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ከ«ያዘ» የመጣ ስለሆነ ያንኑ አሻሚነት ይዞ ይዞራል። የመጽሐፍ ይዘት ውስጡ ያለው ነው፤ የኪዩብ ይዘት ግን ኪዩቡ የሚሞላው ቦታ ነው። ለተማሪ ይዘት ብሎ መጻፍ ትክክል ነው። ለገዢ ግን «ቦታ» የምትለውን ቃል መጨመር እመርጣለሁ። «ሳጥኑ 10 ሊትር ይይዛል» እና «ሳጥኑ 10 ሊትር ቦታ ይይዛል» የሚሉትን ጮክ ብለው ያንብቧቸው። በአንዲት ቃል ትርጉሙ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዞራል።

ሊትሩ ሲቆጠር ምን እንደተካተተም መናገር አለብዎት፤ ይህ የሐቀኝነት ጉዳይ ጭምር ነው። አንዳንድ አነስተኛ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላያቸው በውስጣቸው ነው፤ ሌሎች ደግሞ እንደ ላፕቶፕ ከውጭ የሚሰካ አዳፕተር አላቸው። የኋለኛው ሳጥን አንሶ የሚታየው የአካሉ አንድ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ስለተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አዳፕተሩን ሳይጨምር» የሚል ሐረግ ካስፈለገ ይጻፍ። (ስለ «ሳጥን» አልጠየቁኝም፤ ገበያው «ኬዝ» ይላል፣ «ቀፎ» የሚሉም አሉ። «ቀፎ» የስልክ መሣሪያውን ጭምር ስለሚጠራ እኔ «ሳጥን»ን እመርጣለሁ፤ «ኬዝ» ቢሉም ግን የሚገባው ብዙ ነው።)

«አፈጻጸም» የሚለውን ግን እንዲተዉት እለምንዎታለሁ። ይህ ቃል የተሠራው «አነጋገር»፣ «አለባበስ»፣ «አካሄድ» በተሠሩበት መንገድ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ድርጊት እንዴት እንደተደረገ የሚናገሩ ስሞች ናቸው። አለባበስን በሜትር፣ አካሄድን በኪሎ አናካፍልም። «የበጀት አፈጻጸም 80 በመቶ ደረሰ» የሚል ዜና በየቀኑ እንደምንሰማ አውቃለሁ፤ እዚያ ቃሉ ዕቅድ አለው፣ ከዕቅዱም ምን ያህሉ እንደተፈጸመ ይናገራል። ኮምፒውተሩ ግን ዕቅድ አልወጣለትም። «አቅም» የሚለውም ብቻውን አደጋ አለው፤ የጀሪካን አቅም 20 ሊትር ስለሆነ «አቅም በሊትር» ወደ መጀመሪያው ስሕተት ይመልሰናል። «የማስላት አቅም» ከተባለ ግን የምን አቅም እንደሆነ ስለሚታወቅ መንገዱ ይዘጋል። «ጥግግት»ንም አንዳንዶች ይሞክሩታል፣ «የሕዝብ ጥግግት» እንደሚባለው። ቃሉ መጠጋጋትን ስለሚናገር ዕቃዎቹ በሳጥኑ ውስጥ ምን ያህል ተጣብቀው እንደተደረደሩ ለመግለጽ ቢቀመጥ ይሻላል። ተጠጋግተው የተደረደሩ ዕቃዎች ሁሉ ፈጣኖች አይደሉምና።

እስቲ በእውነተኛ ቁጥሮች እንሞክረው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ለገበያ ከቀረቡት የጨዋታ ኮምፒውተሮች ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 30.1 በ15.1 በ15.1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ 6.9 ሊትር ቦታ ይይዛል። የግራፊክስ ቺፑ በሰከንድ 12 ትሪሊዮን ስሌት እንደሚሠራ አምራቹ ገልጿል። ታናሹ ሲሪስ ኤስ 27.5 በ15.1 በ6.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 2.7 ሊትር ቦታ ሲይዝ በሰከንድ 4 ትሪሊዮን ስሌት ይሠራል። ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 39 በ26 በ10.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ 10.5 ሊትር፣ በሰከንድም 10.3 ትሪሊዮን ገደማ። እዚህ ላይ ሁለት «በ» ይደራረባሉ፣ አንዱ ለጊዜ አንዱ ለቦታ። አማርኛ ይህን ያለ ችግር ይሸከማል፤ ቦታውን ካስቀደሙ ዓረፍተ ነገሩ ይፈስሳል፦ «ሲሪስ ኤክስ በአንድ ሊትር ቦታ በሰከንድ 1.7 ትሪሊዮን ገደማ ስሌት ይሠራል፤ ሲሪስ ኤስ 1.5 ገደማ፣ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ወደ 1 የተጠጋ።» የመጨረሻው አካሉ ጠማማ ስለሆነ በሦስቱ ልኬቶች ብዜት የሚገኘው ሊትር ከእውነተኛው ይበልጣል፤ ይህም መነገር አለበት።

አሁን «ይበልጣል» ወደሚለው ግሥዎ ልመለስ። ትንሹ ሲሪስ ኤስ በዚህ ስሌት ፕሌይስቴሽን 5ን ይበልጣል። በጠቅላላ የማስላት አቅሙ ግን ግማሹን እንኳ አይደርስበትም። «ይበልጣል» ብለው ከተዉት ገዢው ፈጣኑን የገዛ መስሎት ይሄዳል። ሌላም ምሳሌ አለ። የአፕል ማክ ሚኒ ለብዙ ዓመታት 19.7 በ19.7 በ3.6 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ 1.4 ሊትር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው 12.7 በ12.7 በ5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 0.8 ሊትር ገደማ። ቺፑ ባይቀየር ኖሮ እንኳ በአንድ ሊትር ቦታ የሚሠራው ሥራ በሳጥኑ ማነስ ብቻ ወደ 1.7 እጥፍ ያድግ ነበር። ኮምፒውተሩ አልፈጠነም፤ ቦታው ነው የጠበበው። ስለዚህ «በምን ይበልጣል?» የሚለውን ጥያቄ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይመልስ። «በፍጥነት ይበልጣል» አንድ ነገር ነው፤ «የያዘውን ቦታ በተሻለ ተጠቅሞበታል» ሌላ ነው። ቁጥር በማያስፈልግበት ቦታ ደግሞ «ከሳጥኑ መጠን አንጻር ፈጣን ነው» ቢሉ ጥሩ አማርኛ ነው።

ጽሑፍዎን እኔ ብጽፈው እንዲህ አደርገው ነበር፤ ቁጥሮቹን በራስዎ ፍተሻ ይተኩ፦

«ይህ ኮምፒውተር 10 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ ሊትሩ የተቆጠረው የሳጥኑን እግሮች ሳይጨምር በውጭ ልኬቱ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩም በውስጡ ነው። በፍተሻው 15,000 ነጥብ አግኝቷል፤ ይህ ለያዘው ቦታ ሲካፈል በአንድ ሊትር 1,500 ነጥብ ይሆናል። ባለ 40 ሊትሩ ኮምፒውተር 24,000 ነጥብ አግኝቶ በፍጥነት ይበልጠዋል፤ በአንድ ሊትር ቦታ ግን 600 ነጥብ ብቻ ነው ያለው።»

በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ለያዘው ቦታ ሲካፈል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ማካፈል በአማርኛ «ለ» ይወስዳል፤ 15,000 ለ10 ሲካፈል። ስሌቱን አንድ ጊዜ በ«ለ» ካሳዩ በኋላ፣ በቀጣዮቹ ዓረፍተ ነገሮች «በአንድ ሊትር» ብለው ቢያሳጥሩት ደንበኛዎ ውኃውን አይፈልጉትም።