ጌዴኦ ያዩትን የቡና ጥላ ካሉ ወረዳ ላይ እንዴት ያድርጉት?

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ካሉ ወረዳ፣ ከሐርቡ ከፍ ብሎ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ግማሽ ጥማድ ቡና አለኝ። ዛፉ አርጅቷል፤ አንድ ዓመት እስኪጎብጥ ያፈራል፣ በዓመቱ ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቅና ይከለክለኛል። ጥላ የለውም። ሰሞኑን ከሌሎች ገበሬዎች ጋር ለልምድ ልውውጥ ጌዴኦ ሄጄ ነበር። ቡናው ያለው ከትልልቅ ዛፍና ከእንሰት ሥር ነው። ልቤ እዚያው ቀረ። የቡና ዘር ይዤ መጥቻለሁ፤ ዛፍና እንሰትም አጠጋግቼ ልተክል ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ነቅለን ጫት እናድርገው» ትላለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም ጋሼ። ዓይንዎ ያረፈው በትክክለኛው ነገር ላይ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውም ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አንድ ላይ አድርጎ በያዘው በዚያ አስተራረስ ነው። የእርስዎ ቡና አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት የሚከለክለውም ጥላ ስለሌለው ነው። ፀሐይ ላይ ያለ ቡና ከአቅሙ በላይ ያፈራል፤ ፍሬውን ለማሳደግ ጉልበቱን ይጨርስና ቅርንጫፉ ይደርቃል።

ግን ጋሼ፣ ጌዴኦ ዝናቡ ብዙ ነው። እኛ ጋ ክረምቱ ከወጣ በኋላ እስከ በልግ ያለውን ረጅም ደረቅ ጊዜ ያውቁታል፤ በልጉም አንዳንዴ ይቀራል። ዛፍ ካጠጋጉበት ያችኑ ያለችውን ውኃ ከቡናው ጋር ይሻማል። ለግማሽ ጥማድ በ10 ሜትር ርቀት 12 ያህል ዛፍ ይበቃል። ዋንዛ ወይም ሰሳ ይሁን፤ ባሕር ዛፍ አጠገቡ አይድረስ። እስኪያድጉ የርግብ አተር በመሐል ይዝሩ፤ ቶሎ ጥላ ይሰጣል። እንሰቱን ሁለት ሦስት እግር የቤት እጣቢ በሚፈስበት ጥግ ይትከሉት፤ ኮባው ለድፎ ዳቦም ይሆናል።

ከጥላው እኩል አደራ የምልዎት ጉዝጓዝ ነው፤ ከቡናው ሥር ቅጠልና ገለባ ማልበስ ማለቴ ነው። እዚያው ካሉ ወረዳ ውስጥ የአንዲት እናት ማሳ ላይ ግንቦት መጨረሻ፣ በልጉ ተቋርጦ ሳለ ደርሼ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ያለው አፈር ተሰነጣጥቋል። እሳቸው ጎንበስ ብለው ከቡናው ሥር የረገፈውን የዋንዛ ቅጠልና የቡና ገለባ በእጃቸው ገለጥ አደረጉና «ንካው» አሉኝ። ጣቴን ሰደድኩት፤ አፈሩ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ነበር። ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች ቅጠሉ ድረስ ወጥተዋል። ቡና የሚመገብባቸው ሥሮች አብዛኞቹ በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ከሥሩ በዶማ ጠለቅ አድርጎ መቆፈርን ይተዉት። አገዳና ጭድ ለከብት እንደሚፈለግ አውቃለሁ። ዘር ሳይዝ የታጨደ አረም፣ የዛፍ ቅጠልና የቡና ገለባ ይበቃል። ምስጥ እንዳይወጣበት ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት። በየቡናው ሥር ከቁልቁለቱ በኩል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የአፈር ክትር ቢሠሩለት ደግሞ ጎርፉ አይወስደውም፤ ውኃውም እዚያው ይሰርጋል።

ያረጀውን አይንቀሉት፤ ይጎንድሉት። በ2 ሜትር ርቀት የተተከለ ከሆነ 300 ያህል የቡና ዛፍ አለዎት። ገቢዎ በአንዴ እንዳይቋረጥ በዓመት 100ውን ብቻ ይቁረጡ፣ ለቀማው አልቆ በልጉ ከመግባቱ በፊት። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ትተው በመጋዝ ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ፤ መጥረቢያ ጉቶውን ይሰነጥቀዋል። ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ወይም ሦስት ትተው ሌላውን ያስወግዱ። በሦስተኛው ዓመት ጥሩ ፍሬ ይይዛል፤ እስከዚያ ክፍት የሆነው ቦታ ላይ ቦሎቄ ይዝሩ።

ያመጡትን ዘር ማሳዎ ውስጥ ባያስገቡት እመርጣለሁ። የለመደው የዚያን አገር ዝናብ ነው፤ የቡና ዘር ደግሞ በወራት ውስጥ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ከአባትዎ ዛፎች መካከል በልጉ በቀረበት ዓመት እንኳ ያልከለከሉዎትን እርስዎ ያውቋቸዋል። እነሱ ላይ ለምልክት ጨርቅ ይቋጥሩባቸው። ቀይ እሸቱን ለቅመው ውኃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሚንሳፈፈውን ይጣሉ፣ የቀረውን በእጅ ፈልፍለው ጥላ ላይ አድርቀው ሳይቆይ ይዝሩት።

የባለቤትዎ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ገንዘብ ይሰጣል፤ ቤቱን የሚያኖሩት እሳቸው ናቸውና ያስጨንቃቸዋል። መስኖ አለዎት? ካለዎት ዳር ላይ ትንሽ ቦታ ይስጧቸው። ለጫቱ የሚረጨው መድኃኒት ግን ወደ ቡናው እንዳይነፍስ ይራቅ፣ በተለይ ቡናው ሲያብብና ንቦች ሲገቡበት።

መጋዙን ከማንሳትዎ በፊት አንድ ነገር ይፈትሹ። ከጫፉ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ጠውልጎ የደረቀ ዛፍ ካለ፣ ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱን በቢላ ይላጡት። እንጨቱ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ካዩ የቡና አድርቅ በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱን አይጎንድሉት፤ ከነሥሩ ነቅለው እዚያው ያቃጥሉት። ቢላውንም መጋዙንም በእሳት ሳያስነኩ ወደ ቀጣዩ ዛፍ አይሂዱ፤ በሽታው በመሣሪያ ይተላለፋል። መስመሩን ካዩ ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይንገሩ።