እንደ «ገ» የታጠፈ ሳሎንና አምስት ስፒከር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቤት ውስጥ የዙሪያ ድምፅ የሚቸግራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው በአንድ ነገር ይገናኛል፦ በመመሪያው ወረቀት ላይ የተሣለው ክፍል አራት ማዕዘን ነው፣ የጠያቂዎቹ ሳሎን ግን አይደለም። የእኔም አይደለም፤ ስለዚህ ከራሴ ስህተት ጭምር እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ሳሎናችን እንደ «ገ» ፊደል ይታጠፋል። ቴሌቪዥኑና ሶፋው በአንደኛው ክንፍ፣ የምግብ ጠረጴዛው በሌላኛው ነው። ሶፋው ላይ ስቀመጥ በግራዬ ግድግዳ አለ፣ በቀኜ ክፍት ነው። ባለ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ሳጥን) ገዝቻለሁ። የቀኙን የኋላ ስፒከር የት ልስቀለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስፒከሩን ለጊዜው ከካርቶኑ አታውጣው። መጀመሪያ የሚወሰነው ሰው የት ይቀመጣል የሚለው ነው። የታጠፈ ክፍልን ከዳር እስከ ዳር በእኩል ድምፅ ልሙላ የሚል ሰው የትም ቦታ ጥሩ ድምፅ አያገኝም። የምግብ ጠረጴዛውን እርሳውና ለሶፋው ሥራ።

የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከአንተ ጋር ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ 2.4 ሜትር ርቀህ የምትቀመጥ ከሆነ በሁለቱም መካከል 2.4 ሜትር ይሁን። የመሃሉ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሆኖ ወደ ጆሮህ ቀና ይበል። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ለእሱ ተጨነቅ። «የኋላ» የሚባሉት ስማቸው ያሳስታል፤ በባለ 5.1 አቀማመጥ ቦታቸው ከመሃሉ ስፒከር ሲለካ 110 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ማለትም በጎንህ፣ ከትከሻህ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው፣ ከጆሮህም ከፍ ብለው። የግራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የቀኙ ግድግዳ ስለሌለው ክፍሉ ከሚታጠፍበት ጠርዝ አጠገብ በማቆሚያ ላይ ይቁም።

«ታዲያ ቀኙ ከግራው ይርቃል» ትለኛለህ። ይራቅ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የአንድ ሜትር ልዩነት ወደ 3 ሚሊሰከንድ መዘግየት ነው። ስፒከሮቹን በሚያንቀሳቅሰው አምፕሊፋየር ማስተካከያ ውስጥ የየስፒከሩን ርቀት ብትሞላ ቅርብ የሆነውን ያን ያህል ያዘገየዋል። ብቻ በግምት አትሙላ። የሲባጎ ጫፍ ጭንቅላትህ ሶፋው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ሰው ያዝልህ፣ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ወጥረህ ለካ። እኔ በዓይኔ 2 ሜትር ብዬ የሞላሁት በሲባጎ ሲለካ 2.7 ሆኖ ተገኝቷል።

መሣሪያው የማያርመው ሌላ ነገር አለ። የግራው የፊት ስፒከር ድምፅ ግድግዳውን መትቶ ወደ አንተ ይመለሳል፤ የቀኙ ግን ወደ ምግብ ጠረጴዛው ሄዶ እዚያው ይቀራል። የሁለቱ ድምፅ ወንድማማች አይመስልም። በግራው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወይም መጻሕፍት የሞሉት መደርደሪያ ይኑር። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነም ከሶፋው ፊት ምንጣፍ አንጥፍ፤ ባዶ ሴራሚክ ላይ ንግግር ይንጫጫል።

ጥያቄ፦ ለእንዲህ ያለ ሳሎን ሳውንድ ባር (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው ረጅሙ ስፒከር) አይሻልም? ባለቤቴ ሽቦ ማየት አትፈልግም።

መልስ፦ ባለቤትህ አልተሳሳተችም፤ ሻጩ ግን ሁሉንም አልነገረህም ይሆናል። ብዙዎቹ ሳውንድ ባሮች የዙሪያ ድምፅ የሚፈጥሩት ድምፁን ግድግዳና ኮርኒስ ላይ አንጥረው ነው። ለዚህ ከሁለቱም ጎን ግድግዳ፣ ከላይም ዝርግና ጠንካራ ኮርኒስ ያስፈልጋል። አንደኛው ጎን ክፍት ከሆነ የተላከው ድምፅ አይመለስም። ሁለት ገመድ አልባ የኋላ ስፒከር ያለውን ባር ግዛ። ገመድ አልባ ቢባሉም ለኤሌክትሪክ መሰኪያ ስለሚፈልጉ መጀመሪያ ሶኬት የት የት እንዳለ እይ። እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ከሰባት ርካሽ ስፒከር ሦስት ጥሩ የፊት ስፒከር እመርጣለሁ፤ የኋላው በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ «ሪሲቨር» ልላክልህ ብላኛለች። ዲሽ አለኝ፤ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ በስም ነው የተለያያችሁት። እኛ ሪሲቨር የምንለው የዲሹን ነው፤ እሷ የምትለው ስፒከሮቹን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውን አምፕሊፋየር ነው። ከመላኩ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። «100–240 ቮልት» ካለ ችግር የለም። 120 ቮልት ብቻ ካለ በቀጥታ በእኛ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ከዕቃው ፍጆታ ከፍ ያለ አቅም ያለው ትራንስፎርመር ግዴታ ነው። ተራዎቹ ስፒከሮች ኃይል የሚያገኙት ከአምፕሊፋየሩ ስለሆነ አያሳስቡህም። የቤዙ ሳጥን፣ ማለትም ሰብዉፈሩ፣ ግን የራሱ መሰኪያ ስላለው የእሱንም ጀርባ አስፈትሽ። ሰው ይህን ይረሳል።

ጥያቄ፦ ቤዙ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ቤት ያናውጣል፣ ሶፋው ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሰብዉፈሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ቦታው ነው። የቤዝ ሞገድ ረጅም ነው፤ የ43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ ሞገድ ወደ 8 ሜትር ይጠጋል። 4 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ይህ ድምፅ ከግድግዳው አጠገብ ይከማቻል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ሶፋሽ የተቀመጠው እንዲህ ባለ ባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን አይቀርም። መፍትሔው ያስቃል ግን ይሠራል፦ ሰብዉፈሩን አንሥተሽ ራስሽ የምትቀመጪበት ሶፋ ላይ አስቀምጪው። ቤዝ ያለው ሙዚቃ ክፈቺና በግድግዳው ጥግ ጥግ እየዳኽሽ አዳምጪ። ቤዙ ጥርት ብሎ፣ ሳያጓራ የተሰማሽ ቦታ ላይ ምልክት አድርጊና ሳጥኑን እዚያ አስቀምጪው። ልጆቹ ቢስቁ ይሳቁ። በአምፕሊፋየሩም ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ወደ ሰብዉፈሩ እንዲሄድ አድርጊ።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ከብፌው አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት። ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር የእናቴ የበዓል ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተንኳኩ ከፊልሙ በላይ ይጮሁ ነበር። ስፒከሩ ተቀዷል ብዬ ፈትቼ ልመልሰው ስል ነው የብፌው በር ሲንቀጠቀጥ ያየሁት።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ነገርስ?

መልስ፦ ቤዝ በአርማታው ወለል አልፎ ይሄዳል፤ መጋረጃ አይመልሰውም። ሳጥኑን ከወፍራም ላስቲክ በላይ አስቀምጡት፣ በምሽት የአምፕሊፋየሩን የሌሊት ማስተካከያ ክፈቱ፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርጋል። በጣም ከመሸ ግን ሰብዉፈሩን ማጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ገጠምኩ፤ የኋላዎቹ ግን ዝም ብለዋል።

መልስ፦ ምን ከፍተህ ነው? የዲሽ ጣቢያና የዩቲዩብ ቪዲዮ በአብዛኛው ባለ ሁለት መስመር ድምፅ ነው፤ ለኋላ የተላከ የለም። 5.1 ያለው ፊልም ክፈትና ሞክር። ያኔም ዝም ካሉ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ቴሌቪዥኑ ላይ «ኤአርሲ» (ARC) የሚል፣ ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመልስ ቀዳዳ ውስጥ መሰካቱን እይ፤ ቀጥሎም በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ የድምፅ መውጫው «ፒሲኤም» (PCM) ላይ ከሆነ ወደ «ቢትስትሪም» (Bitstream) ቀይረው። የክራርና የመሲንቆ ዘፈን ግን በሁለቱ የፊት ስፒከሮች ብቻ ይሰማ፤ ዘፋኙን ከኋላዬ መስማት እኔ አልወድም።

ጥያቄ፦ እንዳልከው የቀኙን የኋላ ስፒከር በማቆሚያ አቆምኩት። እናቴ ግን የረከቦቴን ቦታ ያዘ ብላ ወደ ጓዳ አስገባችው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ረከቦቱ ከቦታው አይነሣም። ስፒከሩን ከኮርኒሱ አንጠልጥለው፤ ግን ብሎኑ ጂፕሰሙን ብቻ ይዞ እንዳይቀር ከላይ ያለውን አርማታ ወይም እንጨት ማግኘቱን አረጋግጥ። ፊቱን ወደ ሶፋው አዘንብል፣ ከከሰሉ ጭስም ትንሽ ወደ ጎን አርቀው። ርቀቱ ስለተቀየረ በሲባጎ እንደገና ለካ። ጫፉን እናትህ ይያዙልህ።